ሰፈርን ከነሰዎቹ ማቆየት፦ ከሳን ፍራንሲስኮ የሌዘር ሰፈር ለጅማ ሂርማታ የሚሆን መመሪያ

የአንድ ሰፈር ባህል መጥፋት የሚጀምረው ከኪራይ ነው። ግድግዳው ሳይፈርስ፣ ቆርቆሮው ሳይነቀል፣ በዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠራው ሰው «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እጥፍ ትከፍላለህ» ይባልና ዕቃውን ጠቅልሎ ይወጣል፤ ከእርሱ ጋር ደንበኞቹ፣ ከደንበኞቹ ጋር ደግሞ በዚያ ደጃፍ ተቀምጦ መጫወት የለመደው ሁሉ ይበተናል። ኋላ ላይ የሚመጣው ዶዘር የሚያፈርሰው ባዶ ቤት ነው። በከተማችን በጅማም መንገድ ሲሰፋና አዲስ ሕንፃ ሲነሣ በየስብሰባው «የትኛው ሕንፃ ይጠበቅ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ኮርቻ ሰፊው፣ በርጩማ ጠራቢውና ሸክላ ሻጯ ወዴት ይሂዱ የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከሄዱ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በጅማ የገበያ ሰፈር በሂርማታ ጥያቄው ቀድሞ እንዲነሣ ለሚፈልጉ የሰፈር ወጣቶች፣ የእድር ዳኞች፣ የዕደ ጥበብ ባለሙያዎችና የባህል ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ነው።

ምሳሌ አድርጌ የወሰድሁት ከእኛ በጣም የራቀ ቦታ ነው። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሳውዝ ኦቭ ማርኬት በሚባለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2018 በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «የሌዘርና የኤልጂቢቲኪው የባህል ቀጠና» የተባለ ሰፈር በይፋ ታውቋል፤ «ሌዘር» በእንግሊዝኛ ቆዳ ማለት ነው፣ «ኤልጂቢቲኪው» ደግሞ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና መሰሎቻቸው የሚጠሩበት አጭር ስም ነው። የሌዘር ባህል የሚባለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት በሞተር ብስክሌት ክበቦች ዙሪያ የተጀመረ፣ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆኑ ወንዶች ጥቁር የቆዳ ጃኬትና ቦት ጫማ መለያቸው አድርገው የመሠረቱት፣ ስለ ወሲባዊ ፍላጎት በግልጽ የሚናገር፣ ቀስ በቀስም የራሱን የአለባበስ ደንብ፣ የወዳጅነት ሥርዓትና የመረዳዳት ልማድ ያበጀ ባህል ነው። በሀገራችን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ስለሚያስቀጣ ይህ ጽሑፍ ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀጠና ይታወጅ የሚል አይደለም። ይሁን እንጂ እነዚያ ሰዎች የተናቁ ነበሩ፤ ሰፈራቸውን በልማት፣ በበሽታና በኪራይ ደጋግመው አጥተዋል፤ የቀረውን ለመያዝ ያደረጉት ሁሉ ደግሞ ተጽፎ ተቀምጧል። «ፋቂ»፣ «ቀጥቃጭ» እየተባለ በስድብ ሲጠራ ለኖረ የእኛ ባለሙያ፣ የተናቀ ሰው ለራሱ አንድ መንገድና ጥቂት ደጃፍ ሲፈልግ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

እነርሱ ምን እንደ ደረሰባቸው

ታሪኩን በአጭሩ ማወቅ ይጠቅማል፤ ከዚህ በታች የሚመጣው ምክር ሁሉ ከዚያ የተቀዳ ነውና። ሳውዝ ኦቭ ማርኬት የመጋዘን፣ የጋራዥና የርካሽ አልጋ ቤት ሰፈር ነበር። ቀን ሠራተኛ ይሞላዋል፤ ማታ ጭር ይላል፤ ኪራዩም ዝቅተኛ ነበር። ፖሊስ በየጊዜው እየገባ መጠጥ ቤቶቻቸውን ለሚያዘጋባቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ጭር ያለ ቦታ ምቹ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው ቱል ቦክስ የተባለ መጠጥ ቤት ግድግዳው ላይ ቸክ አርኔት የሚባል ሠዓሊ በሳለው ትልቅ ሥዕል ይታወቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ላይፍ መጽሔት የዚያን ግድግዳ ፎቶ ሲያወጣ ቦታው በመላው አሜሪካ ተሰማ። በ1966 ፊቢስና ስተድ የተባሉት ቤቶች በፎልሶም ጎዳና ተከፈቱ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው።

ከተማው ግን አካባቢውን ለማደስ አስቀድሞ አቅዶ ነበር። ቱል ቦክስ እ.ኤ.አ. በ1971 ፈረሰ። ሥዕሉ ያለበት ግድግዳ ብቻ በፍርስራሹ መካከል ለጥቂት ጊዜ ቆሞ አላፊ አግዳሚው ያየው ነበር። ይህ ምስል ከአእምሮዬ አይጠፋም፤ ግድግዳው ተርፎ ቤቱ የጠፋበት ሰፈር ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። በዚያው ዘመን በአካባቢው አልጋ ቤቶች ይኖሩ የነበሩ ጡረተኛ ሠራተኞች ቶር የተባለ የተከራዮችና የባለቤቶች ማኅበር መሥርተው ከተማውን በፍርድ ቤት በመሞገት ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቤት እንዲሠራ አስገድደዋል። ጡረተኞቹና የሌዘር ሰዎች በኑሮም በጠባይም አይመሳሰሉም ነበር፤ ጠላታቸው ግን አንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ ኤድስ መጣ፤ የሰፈሩን ሰዎች ገደለ፣ ቤቶቹንም አዘጋ። ሰው ሲያንስ የመሬቱን ዋጋ የሚመለከቱ ባለሀብቶች በረከቱ።

መጀመሪያ መመዝገብ፣ ግን ምኑን?

እኛ ዘንድ «ቅርስ ምዝገባ» ሲባል ሜትርና ካሜራ ይዞ ሕንፃ መለካት ይመስለናል። ጅረን ኮረብታ ላይ ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ተመዝግቧል፣ ይጎበኛልም፤ ሊመዘገብም ይገባዋል፤ ንጉሡ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙበት፣ የጅማ ታሪክ ራስ ነው። ነገር ግን ያን የእንጨት ሥራ ያቆመው የእጅ ጥበብ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ፣ ያ ሰው የት እንደሚሠራና ስንት ኪራይ እንደሚከፍል የሚናገር መዝገብ አላየሁም። ስለዚህ ምዝገባችሁን ከአጠቃቀም ጀምሩ። አንድን መንገድ ምረጡ፤ ከመቶ ደጃፍ አይብለጥ። በገበያው ቀን በሐሙስ አንድ ጊዜ፣ ገበያ በሌለበት ቀን አንድ ጊዜ፣ ማለዳና ማታም አንዳንድ ጊዜ ሂዱበት፤ በእነዚህ ሰዓቶች መካከል ሰፈሩ ሌላ ሰፈር ይሆናልና። በየደጃፉ ማን እንደሚሠራ፣ ከማን እንደ ተማረ፣ ቤቱ የቀበሌ ይሁን የግል፣ ውል በጽሑፍ ይኑር አይኑር፣ ጥሬ ዕቃው ከየት እንደሚመጣ፣ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ከሆነም እነማን በስንት ሰዓት እንደሚሰበሰቡ ጻፉ። በሳን ፍራንሲስኮ ጌይል ሩቢን የተባለች የሥነ ሰብእ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ይህን ሥራ የጀመረችው ሰፈሩ ገና በሕይወት ሳለ ነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ቀጠናው ሲታወቅ «እዚህ ምን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የተገኘው እንደ እርሷ ካሉ ሰዎች ማስታወሻ ነው።

ምን ያህል ቀርቦ ማየት እንደሚያስፈልግ አንድ ቤት ላሳያችሁ። ከገበያው ዳር፣ ስፋቱ ሁለት አልጋ በማያዘረጋ ክፍል ውስጥ አንድ ኮርቻ ሰፊ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የኮርቻውን እንጨት ጉልበታቸው መካከል ይይዙና በውኃ የራሰውን ጥሬ ቆዳ ይጎትቱበታል፤ በወስፌ ይበሱታል፤ ጠፍሩን ያሳልፉና በጥርሳቸው ጭምር ይስቡታል። ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን ያንቀዋል፤ ምስማር የለበትም። ላዩን ባሕር አረብ በሚባለው ቀይ ቆዳ ያለብሱታል። ይህን ሁሉ መጻፍ ይቻላል። ሁለት ጊዜ ሄጄ ያላየሁትን ነገር ግን ያየሁት በሦስተኛው ነው፤ ቆዳው የሚነከርበት በርሜል በእርሳቸው ክፍል ውስጥ የለም፤ ከጀርባ በጎረቤታቸው ግቢ ነው፤ ጎረቤቲቱም ሽታውን የታገሠችው ለሃያ ዓመት በቃል ስምምነት ነው። እርሷ ግቢዋን ብትሸጥ የጋሼ ሥራ በአንድ ሳምንት ይቆማል። እንዲህ ያለውን ክር የማይዝ መዝገብ ለማንም አይጠቅምም።

ቋንቋውንም አትርሱ። ጅማ ላይ የመሣሪያውና የቆዳው ስም፣ የመጥረቡ ዘዴ፣ ሙያውን የተሸከመው ቃል ሁሉ አብዛኛውን በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ባለሙያው በተናገረበት ቋንቋ ይቀረጽ፣ አማርኛው ከጎኑ ይጻፍ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀርበው ደብዳቤም በአፋን ኦሮሞ ቢሆን ፈጥኖ ይነበባል።

ሰውን ሳይጎዱ ስለ መመዝገብ

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት ባዘጋጀነው ትንሽ ዐውደ ርእይ የአንዲት ሸክላ ሠሪ እናትን ፎቶ ከነትውልዳቸው ሐረግ ሰቀልን፤ ክብር የሰጠናቸው መስሎን ነበር። ልጃቸው ለጋብቻ ታጭታ ኖሮ፣ የወንዱ ቤተሰብ ፎቶውን አይቶ ነገሩን ተወው። እትዬ አልተቆጡኝም፤ «ልጄ፣ እኔን ብትጠይቁኝ ስሜን ጻፉ እላችሁ ነበር፤ የእርሷን ግን እርሷን መጠየቅ ነበረባችሁ» ብቻ አሉ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠሪን መስደብ የከለከለ ዐዋጅ አስነግረዋል፤ ዐዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፎትም ያ ስድብ ከሽማግሌዎች ምርጫ ውስጥ አልወጣም።

የሳን ፍራንሲስኮ ሰዎች ይህን በከፋ መንገድ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1961 ፖሊስ ቴይ ቡሽ በሚባል ቤት ገብቶ 103 ሰዎች ሲይዝ ጋዜጦች የተያዙትን ስምና ሥራ አተሙ። በዚያ ዘመን ስም በጋዜጣ መውጣት ከሥራና ከቤት መባረር ነበር። ከዚያ ትውልድ የመጡ ሰዎች ቤተ መዛግብት ሲያቋቁሙ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1985 የተመሠረተው የከተማው የኤልጂቢቲ ታሪክ ማኅበር፣ ደብዳቤና ፎቶ የሚሰበስቡት ስም መገለጡ ሰውን ምን ያህል እንደሚጎዳ እያወቁ ነው።

በተግባር ይህ ማለት ሁለት ደብተር መያዝ ነው። በአንደኛው የሙያው ነገር ይጻፋል፤ ለማንም ሊታይ ይችላል። በሁለተኛው ስም፣ ትውልድና የቤት ቁጥር ይጻፋል፤ በመዝገቡ ኃላፊ እጅ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ በሁለቱ መካከል ቁጥር ብቻ ያገናኛቸው። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ጥያቄ አቅርቡ፤ ስምዎ ይጻፍ ወይ፣ ፎቶዎ ይታይ ወይ፣ ከእርስዎ ሌላ በዚህ የሚነካ ሰው አለ ወይ? ሦስተኛውን እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ነው የጎዳሁት። አንድ ሰው ከስድስት ወር በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር ስሙ እንዲወጣ መብት እንዳለው ገና ከመጀመሪያው ይነገረው። ደግሞም መዝገቡ ስልክ ላይ ብቻ አይኑር፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ለጓደኛ ይታያል።

ኪራይና ባለቤትነት

ከሁሉ የሚያደክመውና ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው። ጋሼን ስለ ሰፈሩ ጥበቃ ሐሳባቸውን ስጠይቃቸው ወስፌውን ሳያስቀምጡ፣ «ፎቶዬን ከምትሰቅሉልኝ፣ ኪራዩ ሁለት ዓመት እንዳይጨመርብኝ አድርጉልኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የጥበቃ ዕቅድ የምመዝነው በዚህ ቃል ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 «የነባር ንግዶች መዝገብ» የሚባል አቋቋመች። ሠላሳ ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራ፣ ለሰፈሩ ታሪክ አስተዋፅኦ ያለው ሱቅ ወይም መጠጥ ቤት ይመዘገባል፤ ሊፈናቀል የደረሰ ከሆነ ሃያ ዓመትም ይበቃዋል። በዚያው ዓመት ሕዝቡ በድምፅ ያጸደቀው ድጎማ ደግሞ በጣም ብልኅ ነው፤ ለነጋዴው ብቻ ሳይሆን ለነባር ነጋዴ የአሥር ዓመት ውል ለሚሰጥ አከራይም ይከፈላል። አከራዩን እንደ ጠላት ማየት ቀላል ነው፤ ረጅም ውል እንዲሰጥ ምክንያት መስጠት ግን የበለጠ ይሠራል።

ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ድጎማ የለም፤ አከራዩን የማነጋገሪያ መንገድ ግን አለ። ከሁሉ በፊት የማን ቤት ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ። አንዳንዱ ክፍል ትርፍ ቤት በዐዋጅ 47/1967 ከተወረሰ ወዲህ በቀበሌ የሚተዳደር ነው፤ በዚህ ዓይነቱ ቤት ዋናው ጥያቄ ውሉ በማን ስም ነው የሚለው ነው። አባት ሞቶ ልጁ በሚሠራበት ቤት ውሉ አሁንም በሟች ስም ከሆነ፣ የመልሶ ማልማት ቀን ሲመጣ ልጁ ወረቀት አልባ ነው። ዝውውሩን አሁኑኑ፣ ጸጥ ባለ ዘመን አስፈጽሙ። የግል ቤት ከሆነ የቃል ስምምነቱን ወደ ጽሑፍ አምጡት፤ ኪራዩ በየስንት ጊዜ፣ በምን ያህል እንደሚጨምር ይጻፍ። አከራዩ ዘንድ ተከራዩ ብቻውን አይሂድ፤ የእድር ዳኛና አንድ ሽማግሌ ይዞ ይሂድ። በእኛ አገር ሽማግሌ የተቀመጠበትን ስምምነት ማፍረስ ከፍርድ ቤት ወረቀት ይልቅ ይከብዳል።

የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን አጥር ሱቆችንም ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ገቢያቸው ለቤተ አምልኮው ነው፤ አከራዩ ደግሞ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ከሁለት ሦስት ሱቅ ላይ አንዱን ለነባር ባለሙያ በመጠነኛ ኪራይ ቢይዝለት በጎ ሥራም ነው፣ ግቢውንም የሚያደምቅ ነው፤ ይህን ጥያቄ ከዐርብ ወይም ከእሑድ ጉባኤ ቀደም ብሎ በአክብሮት ማቅረብ ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ባለቤት መሆን ነው። ስተድ የተባለው ያ ነባር ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ኪራዩ ከአቅም በላይ ሲጨመርበት የሚሠሩበትና የሚያዘወትሩት ሰዎች ተባብረው ንግዱን በኅብረት ገዙት፤ ሕንፃው ግን የኪራይ ነበር። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ሕንፃውን ለቀው ወጡ፤ ብዙ ሰው «አበቃለት» አለ። ስሙ፣ ዕቃውና ማኅበሩ ግን በእጃቸው ስለ ነበረ በ2024 በፎልሶም ጎዳና ሌላ ቤት ከፈቱ። እኛ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ከማንም የተሻለ ትምህርት አለን፤ እቁብና እድር የሚያውቅ ሕዝብ ነን። አሥራ አምስት ባለሙያዎች የጋራ እቁብ ይጣሉ፤ የመጀመሪያው ዕጣ ግን ለሰው ሳይሆን ለአንድ የጋራ መሥሪያ ቦታ ቀብድ ይሁን። እንደ ኅብረት ሥራ ማኅበር ከተመዘገቡ በኋላ ለመሥሪያ ቦታ የሚያመለክቱት በማኅበሩ ስም ነው፤ አንድ ሰው ቢሞት ወይም ቢሄድ ቦታው አብሮት አይሄድም። በአንዳንድ ማኅበሮች እንዳየሁት ግን ሙያውን የማያውቁ ዘመዶች ለቦታው ሲሉ ስማቸውን ያስገባሉ፤ የአባልነት ደንቡ «በእጁ የሚሠራ» በሚል ቃል ይጀምር።

የሚሰበሰቡበትን ቦታ ስለ መያዝ

ሙያ በመሥሪያ ክፍል ብቻ አይኖርም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 የተከፈተው ኢግል የተባለ መጠጥ ቤት በእሑድ ከሰዓት ስብሰባው ይታወቃል፤ በኤድስ ዘመን ለታመሙት ገንዘብ ይሰበሰብበት ነበር። በ2011 ሲዘጋ ሰፈሩ ሰልፍ ወጣ፣ ለምክር ቤት አቤት አለ፤ በ2013 ተከፈተ፤ በ2021 የከተማው ታሪካዊ ምልክት ተባለ፤ ከፊት ለፊቱም መንገዱ ተከፍሎ አደባባይ ተሠራ። እኛ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው የጀበና ቡና መሸጫ ነው። ባለሙያው ጥሬ ዕቃ የሚገዛበትን ወሬ የሚሰማው፣ ተበዳሪው አበዳሪውን የሚያገኘው፣ የሞተ ሰው የሚነገረው እዚያ ነው። የጥበቃ ዝርዝራችሁ ላይ የቡና ሻጯን ቦታ ከአንጥረኛው ጋር እኩል ጻፉት፤ መንገድ ሲሰፋ መጀመሪያ የምትነሣው እርሷ ናት፣ ካሳ የሚያስገኝ ወረቀትም የላትም።

በዓልና ገቢው

የፎልሶም ጎዳና ዐውደ በዓል እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመረው ሰፈሩን ለመከላከል ነው። የቤት ጉዳይ አደራጆች የነበሩ ሰዎች «ይህ ሰፈር ባዶ አይደለም፣ ሰው አለበት» ብለው ለከተማው ለማሳየት መንገዱን ዘግተው ሕዝብ ጠሩ። ዛሬ በየመስከረሙ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚመጣበት ሆኗል፤ በመግቢያው የሚሰበሰበው ገንዘብም ለበጎ አድራጎት ይከፋፈላል።

ጅማ በዓል መፍጠር አያስፈልጋትም፤ ሐሙስ አላት። በወር አንድ ሐሙስ አንዲት አጭር መንገድ ለመኪና ትዘጋ፤ ባለሙያዎቹ ደጃፋቸው ላይ ወጥተው ይሥሩ፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው የጅማ በርጩማ ከምን እንደሚጀምር ሕፃናት በዓይናቸው ይዩ። ጥንቃቄ የሚያሻው ገንዘቡ ላይ ነው። የድንኳን ኪራይ፣ የድምፅ ማጉያና የመድረክ ወጪ ገቢውን ከበላው በዓሉ ለአዘጋጆቹ እንጂ ለሰፈሩ አልሆነም። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ገቢው ስንት እጁ ለኪራይ መደጎሚያ እንደሚሆን ይወሰን፤ ከበዓሉ በኋላ ባለው ሳምንት ሂሳቡ ባለሙያዎቹ በተሰበሰቡበት ይነበብ።

ሕግና መሥሪያ ቤት

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው ግዙፉንም ግዙፍ ያልሆነውንም አካቶ ሲሆን የዕደ ጥበብ ይዘት ያለውንም ይጠቅሳል። ይህን አንቀጽ በደብዳቤያችሁ መግቢያ ላይ አስቀምጡት፤ «ሕንፃው የቆየ አይደለም» የሚል መልስ እንዳይሰጣችሁ ይከላከላል። ኢትዮጵያ ግዙፍ ያልሆኑ ቅርሶችን ለመጠበቅ የወጣውን የዩኔስኮ ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2006 ተቀብላለች። ከደብዳቤው ጋር የሁለት ገጽ ማጠቃለያ፣ የአንድ መንገድ ካርታና የነዋሪዎች ፊርማ ይያያዝ፤ ሃምሳ ገጽ ጥናት ማንም አያነብም። ለባህል ጽሕፈት ቤት ብቻ አትስጡት፤ መሬትን የሚወስነው ሌላ ክፍል ስለሆነ ግልባጩ ለከተማው ልማትና ለቀበሌው ይድረስ፤ የደረሰበት ማኅተምም ይቀመጥ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ካርታ የሚሠሩና ቃለ መጠይቅ የሚመዘግቡ ተማሪዎች ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ሁለቱን ደብተሮች ግን በእጃችሁ ይቅሩ።

ገንዘብን በተመለከተ ሳን ፍራንሲስኮ ያደረገችው ሊታሰብበት ይገባል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 መራጮች ከሆቴል እንግዳ ከሚሰበሰበው ግብር ድርሻ ለኪነ ጥበብና ለባህል ቀጠናዎች እንዲውል ወሰኑ፤ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፅ ያስፈልግ ነበር፣ ተገኘ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እንግዳ የሚመጣው ሰፈሩን አይቶ ነው፤ ስለዚህ እንግዳው ከሚከፍለው ሰፈሩም ይድረሰው። የጅማ ሆቴሎች የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥትና የቡናውን አገር ለማየት በሚመጣ ሰው ይጠቀማሉ። እንዲህ ያለ ግብር እንዲጣል ማድረግ ባንችል እንኳ ሆቴሎቹ የክፍል በርጩማቸውን፣ የእንግዳ መቀበያ ቆዳቸውን ከሂርማታ ባለሙያ በዓመት ውል እንዲገዙ መጠየቅ እንችላለን። የተረጋገጠ ገዢ ያለው ባለሙያ አከራዩ ፊት አንገቱን አይደፋም።

ምልክት ስለ ማቆም

ምልክት በመጨረሻ ይምጣ። በዚያው በሳን ፍራንሲስኮው ሰፈር ባለው የሪንጎልድ መተላለፊያ እ.ኤ.አ. በ2017 በእግረኛ መንገዱ ላይ የቦት ጫማ ዱካ የሚመስሉ የነሐስ ሰሌዳዎች ለሰፈሩ ሰዎች መታሰቢያ ተቀምጠዋል፤ የቀድሞ ቤቶች ስም የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ቆመዋል፤ የቱል ቦክስ ሥዕልም ተቀርጾ ተመልሷል። ወጪው በአጠገቡ አፓርታማ ከገነባው ድርጅት ነው፤ ይህ መማር የሚገባን ነገር ነው፤ አልሚን ለሰፈሩ ምን ትተዋለህ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሥራው ያማረ ነው፣ ሳነበው ልቤ ተነክቷል። ነገር ግን ስማቸው በድንጋይ ከቆሙት ቤቶች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም።

እኛም ለጋሼ ደጃፍ ትንሽ ሰሌዳ ልናሠራላቸው አስበን ምን እንዲጻፍበት ጠየቅናቸው፤ የአባታቸውን ስም፣ የጀመሩበትን ዓመት፣ ሙያው ከየት እንደ መጣ የሚል ነገር ይመርጣሉ ብለን ነበር። ጥቂት አሰቡና አንድ ዐረፍተ ነገር አስጻፉን፤ አሁንም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በራቸው ላይ አለ፦ «ኮርቻና ልጓም ይሠራል፣ ይጠገናል፤ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ።»